እንቅርት ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ሲገባ

አባቶቻችን መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ አይተው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለው ተረቱ። ይህ ተረት እንቅርት በደጋው አገራችን ምን ያህል የቈየ ጎረቤት እንደ ሆነ ያስረዳናል። እንቅርት ያለባትን ወይዘሮ በመንገድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዘወር ብሎ የሚያያት የለም፤ እርስዋም ነጠላዋን በአንገቷ ላይ መለስ አድርጋ፥ ልጆችዋን እያሳደገችና ቤቷን እያስተዳደረች ሠላሳና አርባ ዓመት ትኖራለች። የብዙዎቹ ነገር በዚሁ ያበቃል። የጥቂቶቹ ግን በዚህ አያበቃም፤ የዛሬው ጽሑፋችንም ስለ እነዚህ ስለ ጥቂቶቹ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙ አንድ ወዳጃችን ያመጡልን ጥያቄ ነው። እናታቸው ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት ዓመት ያለፈ፥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ መጠነኛ እንቅርት የነበረባቸው እመቤት ናቸው። በአንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት፥ ዘወትር ላላ ብሎ ይወርድ የነበረው ማተባቸው አንገታቸውን ያዝ እንዳደረጋቸው ለልጃቸው ሚስት ነገሩዋት። እርስዋም ማተቡን በረዘመ ክር ለወጠችላቸው፤ ነገሩም በዚህ ተረሳ። ከፋሲካ በኋላ ድምፃቸው ጐረነነ። ቤተ ሰቡ የጾሙ ድካም ነው፥ ብርድ ነው አለ፤ ዝንጅብል በማር፥ ጤና አዳም በቡና ተደረገላቸው። በክረምቱ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው ያፏጭ ጀመር። መስከረም ከጠባ በኋላ ሲያስሉ በመሐረባቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ደም ታየ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ደንግጦ ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። ሐኪሞቹም ከመረመሩ በኋላ በእንቅርቱ ዕጢ ውስጥ ነቀርሳ እንዳለ፥ ነቀርሳውም ዕጢውን አልፎ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ እንደ ገባ፥ ለማዳንም የቧንቧውን አንድ ክፍል ቈርጦ ማውጣት እንደሚያስፈልግ ለልጃቸው ገለጡ።

ወዳጃችን የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «የትንፋሽን ቧንቧ ቈርጦ ሰውን ማዳን እንዴት ይቻላል? ይህስ ከማረድ በምን ይለያል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁን፥ «ለእናቴ የበሽታውን ስም እንንገራት ወይስ እንሸሽጋት?» የሚል ነበር። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን ዐዋቂዎች የጻፉትን ተመልክተን ለመጀመሪያው የተረዳነውን እናስረዳለን፤ ስለ ሁለተኛውም የመሰለንን ከመናገር አንቈጠብም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የእንቅርት ዕጢ፥ ሐኪሞች ታይሮይድ የሚሉት፥ በጤነኛ ሰው ክብደቱ ከ15 እስከ 25 ግራም የሚደርስ፥ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ከማንቁርት በታች በትንፋሽ ቧንቧ ፊት ላይ የተቀመጠ ነው። ሥራውም ከምንበላውና ከምንጠጣው ነገር አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እየሰበሰበ፥ የሰውነትን ሙቀትና የልብን ምት፥ የልጅንም እድገትና አእምሮ የሚያስተካክለውን ሆርሞን ማዘጋጀት ነው። አዮዲን ያነሰው እንደ ሆነ ዕጢው ባገኘው ጥቂት ነገር ብዙ ለመሥራት ሲታገል እየሰፋ ይሄዳል። በተራራማ አገር አዮዲኑ ከአፈሩ በዝናብ እየታጠበ ስለሚሄድ፥ በእኛም አገር በስዊስም አገር እንቅርት የበዛበት ምክንያት ይኸው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 ደንብ አውጥቷል። እዚህ ላይ ለእመቤቶቻችን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ፤ አዮዲን ያለበት ጨው በክፍት ዕቃ ከእሳት አጠገብ ሲቀመጥ ኀይሉ ይቀንሳልና መክደኛ ባለው ዕቃ ይቀመጥ፥ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር። ይህ ለልጆች ይጠቅማል እንጂ በአሮጊት አንገት ላይ አርባ ዓመት የኖረውን እንቅርት አያጠፋውም።

በዚህ ዕጢ ውስጥ የሚታዩት እብጠቶች አብዛኞቹ ነቀርሳ አይደሉም፤ ሐኪሞች ከሚመረምሯቸው እብጠቶች ነቀርሳ ሆነው የሚገኙት ከ100 ከ5 እስከ 15 ያህሉ ናቸው። ከነቀርሳዎቹም እጅግ የሚበዛው ፓፒላሪ የተባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በዝግታ የሚያድግ ሲሆን፥ በዕጢው ውስጥ ሳለ ከተገኘ ከ100 ሕመምተኞች ከ90 የሚበልጡት ከዐሥር ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። ስለዚህ እንቅርት ያለው ሰው ሁሉ ይህን አንብቦ እንዲሸበር አንፈልግም። የምንፈልገው፥ ባረጀ እንቅርት ላይ አዲስ ነገር በታየ ጊዜ፥ ማለት እብጠቱ በድንገት ሲያድግ ወይም ሲጠጥር፥ ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲጐረንን፥ መዋጥ ሲያስቸግር፥ ትንፋሽ ሲያፏጭ፥ አክታ ደም ሲቀላቅል፥ «የቈየ ነገር ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ ነው። ማተቡን በረዘመ ክር የለወጠችው ምራት ያደረገችው በፍቅር ነበር፤ ነገር ግን የማተቡ መጥበብ በዚያ ቤት ከታዩት ምልክቶች የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ስለ ኦፕራሲዮኑ ከመናገራችን በፊት የዚህን ዕጢ ቀዶ ጥገና ታሪክ በአጭሩ ማውሳት ያስፈልጋል፤ ወዳጃችን የተሰማቸው ፍርሃት በዓለም የመጀመሪያው አይደለምና። በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ከሚደረግላቸው ሰዎች እጅግ ብዙዎቹ በደም መፍሰስና በቍስል መመረዝ ይሞቱ ስለ ነበር፥ ታላላቅ ሐኪሞች ጭምር ሥራውን እንደ እርድ ቈጥረው ያወግዙት ነበር። ይህን የለወጠው ከሁሉ ይልቅ ስዊሳዊው ቴዎዶር ኮኸር ነው። በ1872 ገና በወጣትነቱ በበርን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና መምህር ሆኖ ተሾመ፤ የተራራ ሰዎች አገር ስለ ነበረ እንቅርት ያለበት ሕመምተኛ አልጐደለበትም። ደሙን ሥር በሥር እያሰረ፥ እጁንና መሣሪያውን እያነጻ፥ ሳይቸኵል በመሥራቱ፥ በሕይወቱ መጨረሻ አካባቢ ከ100 ሕመምተኞቹ የሚሞተው አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። በ1909 ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ከቀዶ ጥገና ሐኪሞች ይህን ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው እርሱ ነው።

እኛን ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። ኮኸር ዕጢውን ፈጽሞ ያወጣላቸውን ሰዎች ከዓመታት በኋላ ጠርቶ መረመራቸው፤ ከመጡትም አብዛኞቹ ፊታቸው አብጦ፥ አእምሯቸው ደንዝዞ፥ ልጆቹም እድገታቸው ቆሞ አገኛቸው። ይህንም ሳይደብቅ በ1883 በባልንጀሮቹ ጉባኤ ፊት አቀረበ፤ ከዚያም ወዲያ ያለ ታላቅ ምክንያት ዕጢውን ፈጽሞ ላለማውጣት ቈረጠ። የዕጢው ጥቅም ለሐኪሞች ግልጥ እየሆነ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1891 እንግሊዛዊው ጆርጅ መሪ ከበግ ዕጢ የተጨመቀ መድኃኒት በመርፌ ሰጥቶ አንዲትን ሴት አዳነ። ዛሬ ዕጢያቸው የወጣላቸው ሰዎች በቀን አንዲት ትንሽ ኪኒን በመዋጥ በጤና የሚኖሩት የእነዚህን ሰዎች ድካም ተከትሎ በመጣ ዕውቀት ነው።

ወደ ትንፋሽ ቧንቧው እንመለስ። ይህ ቧንቧ በሙሉ ሰው ርዝመቱ 11 ወይም 12 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፥ ከ18 እስከ 22 በሚደርሱ የልም አጥንት ቀለበቶች የተሠራ ነው። ልም አጥንት የምንለው እንደ ጆሮ ቅጠል የሚታጠፈውን ነው። ቀለበቶቹ በፊትና በጎን የጠነከሩ ናቸው፤ በጀርባ በኩል ግን ክፍት ናቸው፥ በዚያም ለስላሳ ሥጋ ብቻ ከምግብ ቧንቧው ጋር ያዋስናቸዋል። በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ባለው ፈፋ፥ በግራና በቀኝ፥ ወደ ድምፅ አውታሮች የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ። በጥንት ዘመን ጋሌኖስ የተባለው ሐኪም እነዚህን ነርቮች በአሳማ አንገት ላይ ቈርጦ፥ ይጮኽ የነበረው አሳማ ወዲያው ዝም እንዳለ ለሰዎች አሳይቶ ነበር። ከዕጢው ጀርባ ደግሞ የምስር ፍሬ የሚያህሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ተለጥፈው ይገኛሉ፤ እነዚህ የደምን ካልሲየም ይጠብቃሉ። እንግዲህ ትንፋሽ፥ ድምፅ፥ ጕርሻና የደም ካልሲየም ሁሉም ከጣት በማይበልጥ ስፋት ውስጥ ተጠጋግተው ይኖራሉ፤ ነቀርሳው ከቤቱ ሲወጣ የሚነካቸው እነዚህን ነው።

ነቀርሳው ወደ ቧንቧው የሚገባበትን መንገድ በቦስተን ከተማ የነበሩ ሐኪሞች በ1993 በደረጃ ከፍለው ጽፈውታል። በመጀመሪያ ከዕጢው ወጥቶ የቧንቧውን የውጭ ልባስ ይነካል እንጂ አይበላውም። ቀጥሎ በቀለበቶቹ መካከል ይሰርጋል፥ ወይም ልም አጥንቱን ይበላል። ከዚያ ከውስጠኛው ልባስ ሥር ይደርሳል፤ በመጨረሻም ልባሱን በስቶ አየር በሚመላለስበት ባዶ ስፍራ ውስጥ ይታያል። ደም በአክታ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ከነዚህ ሁሉ አስተውለን ልናልፈው የማይገባን፥ ነቀርሳው ብዙ ጊዜ አጥንቱን ሰብሮ ከመግባት ይልቅ በቀለበትና በቀለበት መካከል ያለውን ለስላሳ መንገድ መምረጡ ነው። ከዚህም የተነሣ ከውጭ ሲያዩት ጠባብ የመሰለው ስፍራ ከውስጥ በኩል ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል። ሐኪሞች በቀጭን መርፌ ናሙና ከወሰዱ በኋላ በዚያ ብቻ ሳይረኩ አንገትን በሲቲ ስካን የሚያነሡትና፥ ጫፉ ብርሃን ያለውን ቀጭን መመልከቻ ወደ ቧንቧው ውስጥ ሰድደው ልባሱን በዓይናቸው የሚያዩት ስለዚህ ነው። የድምፅ አውታሮቹ ይንቀሳቀሱ እንደ ሆነም ከኦፕራሲዮኑ አስቀድሞ ያያሉ።

በዚህ ላይ ነው የሐኪሞች ክርክር የሚነሣው። ነቀርሳው የውጭውን ልባስ ብቻ ነክቶ እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ ቢላዋውን አግድም ይዞ ከቧንቧው ላይ ይልጠዋል፤ ቧንቧው ሳይከፈት፥ ሕመምተኛውም ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነቀርሳው በአንድ ስፍራ ጠልቆ ግን ጠባብ እንደ ሆነ፥ እንደ መስኮት የሚሆን ቍራጭ ከቧንቧው ግድግዳ አውጥቶ ቀዳዳውን በአንገት ሥጋ መድፈን ይቻላል። ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደ ሆነ ግን ቧንቧውን ዙሪያውን ቈርጦ፥ የታመሙትን ቀለበቶች ከዕጢው ሳይነጥል በአንድነት አውጥቶ፥ ጫፍና ጫፉን መስፋት ያስፈልጋል። ነቀርሳው ማንቁርትን ራሱን በሰፊው ከበላ ደግሞ ማንቁርቱን እስከ ማውጣት ይደረሳል፤ ያ ሰው ከዚያ በኋላ በአንገቱ ላይ በተከፈተ በር ይተነፍሳል፥ የተፈጥሮ ድምፁንም ያጣል። እንዲህ ያለው ዕጣ የሚደርሳቸው ጥቂቶች ናቸው።

አንዳንድ ሐኪሞች ፓፒላሪ የተባለው ነቀርሳ ዝግተኛ ስለ ሆነ፥ የቀረውን በኋላ በጨረር አዮዲን ማቃጠል ስለሚቻል፥ በመላጥ መወሰን ይሻላል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቧንቧ የገባ ነቀርሳ በእድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ አዮዲን የማይቀበል ይሆናልና፥ የመጀመሪያውን ዕድል ማባከን አይገባም ይላሉ። እኛ ሁለቱንም ካነበብን በኋላ እንደ ተረዳነው፥ ክርክሩ የሚፈታው በመመልከቻው ውስጥ በሚታየው ነገር ነው። ነቀርሳው በውጭ ሳለ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ መቍረጥ ለታማሚው ያለ ጥቅም አደጋ መጨመር ነው፤ በውስጥ እየታየ ደግሞ ከውጭ መላጥ አረሙን ሳይነቅሉ ቅጠሉን ማጨድ ይሆናል። ነቀርሳው ቀርቶ እንደ ገና በቧንቧው ውስጥ ሲያድግ የሚገድለው በማነቅ ወይም በማድማት ነው፤ ይህም ለሕመምተኛውም ለአጠገቡ ለሚቀመጠውም ቤተ ሰብ እጅግ የከበደ አሟሟት ነው።

«ይህስ ከማረድ በምን ይለያል?» ላሉን ወዳጃችን መልሱ እንዲህ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ከቧንቧው ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ከተቈረጠ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም ተብሎ ይታመን ነበር። በቦስተን በማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ኸርሚዝ ግሪሎ በ1960ዎቹ ዓመታት በሬሳ ላይ እየለካና እየመረመረ፥ አንገት ወደ ፊት ከታጠፈና ቧንቧው በፊትና በጀርባው ካካባቢው ከተላቀቀ ግማሽ ያህሉ ተቈርጦ እንኳ ሊገናኝ እንደሚችል አሳየ። በ1986ም በእንቅርት ነቀርሳ የተወረረውን ቧንቧ እየቈረጡ ስለ መስፋት ከባልንጀራው ጋር ጻፈ። እርሱ ካስተማረው አንዱ ቧንቧውን በጎኑ በኩል ብዙ አለመላጥ ነው፤ ደም የሚያመጡለት ቀጫጭን ሥሮች ከግራና ከቀኝ ስለሚገቡ፥ እነርሱ ከተቈረጡ የተሰፋው ጫፍ ደም አጥቶ ስፌቱ ይፈታል።

በሥራው ጊዜ ሕመምተኛው ካንቀላፋ በኋላ በአፉ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ሐኪሙ አንገቱን አግድም ከፍቶ ቧንቧውን ከነቀርሳው በታች በቈረጠ ጊዜ፥ የአፉ ቱቦ ወደ ላይ ሳብ ይደረግና ሌላ ንጹሕ ቱቦ በተከፈተው በታችኛው ጫፍ በቀጥታ ይገባል። ሕመምተኛው ለዚያ ሰዓት በአፉ ሳይሆን በአንገቱ ይተነፍሳል። የታመመው ክፍል ወጥቶ የጀርባው ስፌት ከተዘጋጀ በኋላ የታችኛው ቱቦ ይወጣል፥ የላይኛውም ተመልሶ የስፌቱን ስፍራ አልፎ ይወርዳል፥ የፊቱም ክር ይታሰራል። እንግዲህ ትንፋሽ አንድ ደቂቃ እንኳ ያለ ጠባቂ አይቀርም። አንቀላፊውን መድኃኒት የሚሰጠው ሐኪምና ቀዳጁ ሐኪም አንዱ የሌላውን እጅ እየጠበቁ እንደ ሁለት ቀዛፊዎች ይሠራሉ፤ ስለዚህ ነው ይህን ሥራ የለመደ ጓድ ባለበት ስፍራ እንጂ በማንኛውም ስፍራ ማስደረግ የማይገባው። ዘመድ ለሐኪሙ «ይህን ስንት ጊዜ ሠርተዋል? የሚያንቀላፋውስ ሐኪም ማን ነው? ስፌቱ ቢላላ ምን ይደረጋል?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይሆንም፤ በጎ ሐኪምም አይቀየምበትም።

ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ከአገጭ በታች ያለውን ቆዳ በደረት ላይ ካለው ቆዳ ጋር በጠንካራ ክር ያስረዋል። ሕመምተኛው ለአንድ ሳምንት ያህል እንደ ሰጋጅ አንገቱን አቀርቅሮ ይተኛል፥ ይቀመጣል፥ ይበላልም። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተ ሰብ ሊጠይቅ ገብቶ ሲያይ በድንጋጤ ይጮኻል፤ ክሩ ግን ሕመምተኛው ቀና ብሎ የውስጡን ስፌት እንዳይበጥስ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ከአንድ ነርቭ በላይ ተጐድቶ እንደ ሆነ የድምፅ አውታሮቹ ተገጣጥመው ትንፋሽን ሊዘጉ ስለሚችሉ፥ ለጊዜው በአንገት ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። አራቱ ትንንሽ ዕጢዎች ከደከሙም የከንፈርና የጣት ጫፍ መደንዘዝ፥ የእጅም መጨማደድ ይመጣል፤ ይህ ሲታይ ሳይዘገዩ መናገር ነው፥ በካልሲየም ይታከማልና።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤቱ ነው። ዕጢው የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን የሆርሞን ኪኒን ይውጣል፤ መጠኑም ነቀርሳውን እንዳያነቃቃ ሐኪሙ በደም ምርመራ ይወስነዋል። ኪኒኑ በባዶ ሆድ በውሃ ይወሰዳል፤ ከምግብም ከቡናም በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፥ ቡና ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋልና። በማለዳ አቦል ሳይቀምሱ አፋቸውን ለማይከፍቱ እናቶች ይህ ከኦፕራሲዮኑ ሁሉ የሚከብድ ሊመስል ይችላል። ዕጢው አዮዲንን የሚወድ በመሆኑ የቀረው ነቀርሳ ጨረር ያለበትን አዮዲን ስቦ በራሱ ላይ ያመጣል፤ በ1946 በአሜሪካ ሐኪሞች በዚህ መንገድ የተሰራጨ የእንቅርት ነቀርሳ ያለበትን ሰው ማከማቸውን አሳትመው ነበር። ይህን የሚወስድ ሰው ለጥቂት ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ሴቶች ርቆ ይቀመጣል። አዮዲን የማይቀበለው ነቀርሳ በውጭ ጨረር፥ ከ2015 ወዲህም ሌንቫቲኒብ በመሰለ ኪኒን ይታከማል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ኪኒን ቧንቧ ውስጥ ያለ ነቀርሳን በድንገት አሟሙቶ ቀዳዳ ሊከፍት ወይም ሊያደማ ስለሚችል በጥንቃቄ የሚሰጥ ነው።

አናፕላስቲክ የሚባል፥ ከሁሉ የከፋ ሌላ ዓይነት አለ። በሽማግሌዎች ላይ የሚነሣ፥ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ፥ ብዙ ጊዜ ለቢላዋ የማይመች ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የነበሩት ዊሊያም ሬንኲስት በጥቅምት 2004 የእንቅርት ዕጢ ነቀርሳ እንዳለባቸው ተነገረ፤ ትንፋሻቸው እንዳይዘጋ በአንገታቸው ላይ ቀዳዳ ተከፈተላቸው። ፍርድ ቤቱ የነቀርሳውን ዓይነት ባይገልጥም፥ ከሕክምናቸው አኳኋን ብዙ ሐኪሞች አናፕላስቲክ መሆኑን ገምተው ነበር። በጥር 20 ቀን 2005 በብርድ ቀን፥ ቱቦው በአንገታቸው ሳለ፥ በጐረነነ ድምፅ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን ቃለ መሐላ አስገቡ። በመስከረም 3 ቀን በዚያው ዓመት በ80 ዓመታቸው ዐረፉ፤ እስከዚያም ከሹመታቸው አልወረዱም። ይህን የጠቀስነው በአንገት ላይ የተከፈተ ቀዳዳ የሰውን ክብር እንደሚወስድ አድርገው የሚያስቡ ባለሥልጣኖች በመካከላችን ስላሉ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል። በአገራችን ልማድ ለሕመምተኛ የበሽታውን ስም መሸሸግ ርኅራኄ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ መርዶ እንኳ የሚረዳው ሰዓቱ ተመርጦ ነው። ይህን ልማድ አንንቅም። ነገር ግን በዚህ ጕዳይ ሕመምተኛዋ የሚያጡት ነገር ድምፃቸው ሊሆን ይችላል፤ ነቅተውም ሲነሡ አገጫቸው ከደረታቸው ጋር ተሰፍቶ ያገኙታል። የአንድን ሰው ድምፅ ሳያማክሩት መስጠት ለልጅም ቢሆን የተፈቀደ አይመስለንም። ስለዚህ ለወዳጃችን፥ እናታቸው ያውቁ ዘንድ ይገባቸዋል፥ የሚነግራቸውም ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይሁን ብለን መለስንላቸው። ወዳጃችን አልተስማሙም፤ ሁለት ሳምንትም እንዲሁ ተዉት። በኋላ እናታቸው ራሳቸው ጠርተዋቸው «ቤቱ ሁሉ ሹክሹክታ ከሆነ ወር አልፎታል፤ የምሞተው እኔ ከሆንሁ ንገሩኝ፥ የምድነውም እኔ ከሆንሁ ንገሩኝ» አሏቸው። ነገሩዋቸው። እርሳቸውም መጀመሪያ የጠየቁት የንስሐ አባታቸው እንዲመጡ ነበር፤ ቀጥሎ «ድምፄ ይቀራልን?» አሉ። ሐኪሙም የግራው ነርቭ በነቀርሳው ከተያዘ እንደ ቈየ፥ ድምፃቸው የጐረነነውም ስለዚህ እንደ ሆነ፥ የቀኙን ግን ለመጠበቅ እንደሚጥር ሳይሸፍን መለሰላቸው። እሺ አሉ።

አምስት ቀለበት ተቈርጦ ወጣ። በሰባተኛው ቀን በመመልከቻው ስፌቱ መያዙ ታይቶ የአገጫቸው ክር ተፈታ። ድምፃቸው ዛሬም ጐርናና ነው፤ በስልክ የሚሰማቸው ሰው ሽማግሌ ይመስሉታል፥ እርሳቸውም በዚህ ይስቃሉ። የጨረሩን አዮዲን ወስደዋል፥ በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ሐኪሞቹም ገና ብዙ ዓመት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነግረዋቸዋል።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ ነርሷ ማተባቸው ከአንገታቸው መውጣት እንዳለበት ስትነግራቸው፥ እንዳይበጠስ አጥብቀው ለመኑዋት። እርስዋም ፈትታ በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ አሰረችላቸው። ቍስላቸው እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቈየ፤ በጥምቀት ዋዜማ ምራታቸው ከእጃቸው ፈትታ፥ ከጠባሳው ዝቅ እንዲል አድርጋ፥ በፊተኛው ልክ አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው።